የአያ አለልኝ ቀኝ እጅ

ባለፈው መስከረም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ አንድ አንበሳ ሚኒባሳችንን በጠበጠው። አንበሳው የነበረው ከፊቴ በተቀመጠ ወጣት ስልክ ውስጥ ነው። ቡሬ መናኸሪያ ገብቶ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ተጎማልሎ ሲያልፍ ይታያል። ሰው ይሮጣል፤ አንዲት ሴት የያዘችውን የሸንኮራ እስር ጥላ ትሸሻለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከኋላ የነበሩ እናት አማተቡ፤ ሹፌሩ እንኳ "እስቲ ወዲህ አምጡት" አለ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ግን ግራ ገባቸው።

"እኔ እኮ የተሳፈርሁት ከመናኸሪያው ነው። ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነበርሁ። አንበሳ የሚባል ነገር አላየሁም" አሉ።

"እርስዎ አላዩት ይሆናል፤ ቪዲዮው ግን ይኸው!" አላቸው ወጣቱ።

"ነበርሁ እያልሁህ!"

"ቪዲዮው ላይ አለ እኮ አባባ!"

መንገዱ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ጭስ በመስኮቱ እየገባ፣ ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ፣ እነሱ ግን ወደ ውጭ ሳያዩ ተከራከሩ። ማንኩሳ ስንደርስ ገበሬው ተሸነፉ። "እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ውሃ ሽንት ስሄድ መጥቶ ይሆናል።"

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየውን በዓይናቸው ያዩትን ስልክ አስካዳቸው። እኔም በሃያ ዓመቴ፣ እዚያችው ቡሬ ውስጥ፣ ያልነበረ ነገር በገዛ እጄ ሠርቼ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ምክንያት ሆኜ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሦስት ወር የኮምፒውተር ትምህርት ተማርኩ። አባቴ ገበሬ ነው። "ያ ሳጥን እህል ያበቅላል?" እያለ ቢቀልድብኝም ከጎረቤት እየተበደረም ቢሆን አስተማረኝ። ትምህርቱን እንደጨረስኩ፣ ቡሬ ውስጥ ጋሽ ውበቱ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ ተባለና ሄድኩ።

ጋሽ ውበቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቡሬን ሰው ያነሱ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ የሚስቁ። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ጨለማ ክፍል ጥቁርና ነጭ ፎቶ በራሳቸው እጅ ያጥቡ ነበር፤ ባለቀለሙን ፊልም ግን በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ይልካሉ። ዘመኑ ሲቀየርባቸው ከባሕር ዳር ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዝተው አመጡ። ካመጡት በኋላ ፈሩት። እኔ ስደርስ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ እንደ ሙሽራ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

መጀመሪያ ቀን የነገሩኝን አልረሳውም። "ስሚኝ ትርንጎ፣ ፎቶ ማለት ምስክር ነው። የነበረ ሰው፣ በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ሰዓት። የኔን ፎቶ ዳኛ ያምነዋል፣ ፖሊስ ያምነዋል፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ያምነዋል። ይኸን እምነት እንዳታበላሽብኝ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ልቤ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ገበያ አመጣ። ከመሬት ተነስቶ የማያውቀውን ወጣት አውሮፕላን ደረጃ ላይ አቆምኩት። ጭቃ ላይ ሠርጋቸውን የደገሱ ሙሽሮችን ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት አቆምኳቸው። የሚያዩት ሁሉ ይስቁ ነበር፤ ቀልድ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ጋሽ ውበቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ዝም አሉኝ።

በነሐሴ አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንዲት ሴት ነጠላቸውን በፌስታል ሸፍነው ገቡ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አማርኛቸው ውስጥ የአዊ አገር ቃና ነበረው። ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚያስኬድ ገጠር በእግራቸው መጥተው ኖሮ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመው እግሬን በውሃ ካልታጠብሁ አልገባም አሉ።

"ሰው ከሰው የምታገናኝ አንቺ ነሽ አሉኝ" አሉ ከተቀመጡ በኋላ።

"እኔ ነኝ እትዬ፤ ምን ልሥራልዎ?"

ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የቀበሌ መታወቂያ ነበር። ላዩ ላይ ትንሽ፣ የደበዘዘች የአንድ ሰው ፎቶ አለች። ጢሙ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

"አለልኝ ይባላል፣ ባሌ ነው። ከፋሲካ በኋላ ተለየኝ። አብሮኝ አድርጊልኝ።"

"አብራችሁ የተነሳችሁት የለም?"

"የት ተነስተን ልጄ! እሱ ሲያርስ እኔ ስኮተኩት፣ እሱ በሬ ሲፈታ እኔ ውሃ ስቀዳ። አብረን ቁጭ ያልንበት ቀን ቢኖርም ፎቶ አንሺ አልነበረም።" ከዚያ እንባቸው ሳይታሰብ መጣ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። "ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ድሮ ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣ።"

ስማቸው እትዬ ይታይሽ ነበር።

ጋሽ ውበቱ እሳቸውን አነሷቸው። እኔ ደግሞ ከመታወቂያው ላይ ፊቱን ወስጄ ማኅተሙን ከጢሙ ላይ ማጽዳት ጀመርኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊት አገኘሁ፣ ገላ ግን አልነበረኝም። ፊቱ የሚቀመጥበት፣ ጋቢ የለበሰ፣ ቁመቱ የሚመጥን ሰው ያስፈልጋል። ዞር ብዬ ጋሽ ውበቱን አየሁ።

"አይሞከርም!" አሉ፣ ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸው። "በቁሜ የሞተ ሰው ገላ አልሆንም።"

"ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ አለቀሱ።"

"ሁሉም ያለቅሳል!"

ሲያጉረመርሙ ቆይተው ግን ጋቢያቸውን ደርበው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ከዘራ ላይ አሳረፉ። ፊታቸውን ወደ ካሜራው ሳያዞሩ "ቶሎ በይ፣ ነፍሱ እንዳይሰማን" አሉኝ። ያን ዕለት ምን ያህል እንደሳቅን!

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ ይታይሽ መጡ። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ከጀርባቸው ሰማያዊ መጋረጃ፣ በግራ እሳቸው፣ በቀኝ አያ አለልኝ በነጭ ጋቢ፤ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። በጣታቸው ፊቱን ዳሰሱት። ከዚያ እኔን ጎትተው ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ልብሳቸው የእርጥብ ሱፍና የቅቤ ሽታ ነበረው።

"አለልኝ የለም ሲሉኝ ነበር የከረሙ" አሉ። "ይኸው አለልኝ!"

እዚያ አገር ሰው ቃል ሲናገር ሁለት አድርጎ ነው። ጋሽ ውበቱ እንኳ "ተባረኪ፣ ይኸማ ቅኔ ነው" ብለው ተነስተው እስከ ደጅ ሸኟቸው። እኔ ያን ቀን በሕይወቴ ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። አሁንም ቢሆን ትንሽ ነገር ነበር ለማለት አልደፍርም።

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ገብቶ ፍርድ ቤት ተከፈተ። በየግቢው የቡሬ በርበሬ ተሰጥቶ ከተማው ቀይ የሆነበት፣ መንገደኛው ሁሉ እያስነጠሰ የሚሄድበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ይታይሽ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ገቡ። ቆመው ቀሩ። ቁጭ ይበሉ ብንል እምቢ አሉ።

"ልጄ፣ ውሸታም ተባልሁ" አሉ።

ቀስ በቀስ ነገሩን አወጣጣነው። የአያ አለልኝ ወንድም አቶ ቢያዝን ከቤቱም ከመሬቱም ውጪ ብሎ ከሷቸዋል። መሬቱ የተለካውና የተመዘገበው እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ስለሆነ የመሬት ደብተሩ ላይ ስማቸው የለም። ልጅም አልወለዱም። ሁለቱም ቀድሞ ትዳር የነበራቸው ሰዎች ስለሆኑ ሁለተኛውን ጋብቻ ያለ ድግስ፣ በሦስት ሽማግሌ ፊት ብቻ ነው የፈጸሙት። ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል። አቶ ቢያዝን ደግሞ "ወንድሜን ልታገለግል የመጣች ሠራተኛ ናት እንጂ ሚስት አይደለችም" ብሎ ቆሟል።

የቀሩት አንድ ሽማግሌ ቀርበው መስክረው ነበር። ዳኛው "የተጋቡት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ሲላቸው "ጎመን ዘሩን ውርጭ የመታው ዓመት ነው" አሉ። "እሱ ስንት ነው?" ቢላቸው "ከሱ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አንበጣ መጥቶ ነበር" አሉ። ጸሐፊው ምን ብሎ ይጻፍ? ሽማግሌው እውነቱን እየተናገሩ ነበር፤ እውነታቸው ግን ወረቀቱ ላይ አልገባ አለ። በዚህ መካከል አንድ ጎረቤት "ፎቶ የለሽም ወይ?" አላቸው። እትዬ ይታይሽ ከግድግዳቸው ላይ አውርደው ይዘው ሄዱ።

"ዳኛው 'ይህ እርስዎ ነዎት?' አለኝ። ነኝ አልሁ። 'ይህስ አለልኝ ነው?' አለኝ። ነው አልሁ። ሁለቱም እውነት ነው እኮ ልጄ! ዳኛው ደስ አለው፤ ለሽማግሌው ያላሳየውን ፊት ለፎቶው አሳየ። ቢያዝን ተቀብሎ አየው። ትንሽ ቆየና ሳቀ።"

"ለምን ሳቀ?"

እትዬ ይታይሽ ፎቶውን ገልጠው፣ ከዘራውን የጨበጠችውን እጅ በጣታቸው ነኩ።

"አለልኝ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት አልነበረውም፤ ትንሿና ከጎኗ ያለችው።"

ጋሽ ውበቱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አዩት፤ ባለ አምስት ጣቷን እጅ። ከዚያ ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

"አልጠየቅሽኝም" አሉ። "ደግሞ ሙሉ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። በወዲያኛው ዓለም ተመልሶለት ይሆናል ብዬ ነው።"

ዳኛው ለሳምንት ቀጥሯቸዋል። ፎቶው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ በወንጀል እንደሚጠየቁም አስጠንቅቋቸዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በዚያች አንዲት እጅ የተነሳ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት መስሏል። ሽማግሌውም፣ ጋብቻውም፣ አብረው የኖሩት ዘመንም። እውነት የነበረውን ነገር ያረከሰው የኔ ደግነት ነበር።

እሳቸውን ሸኝተን ስንመለስ ጋሽ ውበቱ ምሳቸውን ሊበሉ ወደ ቤት ሄዱ። እኔ አልራበኝም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሚያስፈራኝ እስር ቤቱ ነበር፤ አባቴ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ታየኝ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁለት ጣት ማጥፋት ምን ያህል ከባድ ነው? ፋይሉ እዚሁ አለ። አጥፍቼ እንደገና ባትመው፣ የፊተኛው ሲታተም የተበላሸ ነው ቢባልስ?

ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቀለበት የሚጠለቅባትንና ትንሿን ጣት አነሳሁ፤ የከዘራውን ቀለም ሞላሁበት፤ ጠባሳ እንዲመስል ቆዳውን ትንሽ አጠቆርኩት። ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ አየሁት።

አያ አለልኝ ነበር። ከመጀመሪያው ይልቅ እሱን የሚመስል፣ ማንም የማይጠራጠረው። አቶ ቢያዝን ራሱ ቢያየው አፉን ይይዝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ውሸቱ እየረቀቀ በሄደ ቁጥር እውነት እየመሰለ ነው፤ የማቆሚያው ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ደግሞ ማን ይቆጣጠረኛል?

ጋሽ ውበቱ መቼ እንደተመለሱ አላወቅኩም። ከጀርባዬ ቆመው ነበር።

"እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያሳመርሽው?" አሉ በዝግታ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

"ሠላሳ ዓመት ፎቶ ምስክር ነው ስል ኖርሁ" አሉ ወንበር ስበው። "ሄደን ከተናገርን ከእንግዲህ የዚህን ቤት ፎቶ የሚያምን የለም ብዬ መንገዱን ሙሉ ስፈራ ነው የመጣሁ። ዝም ካልን ግን እኔ ራሴ አላምነንም።"

ጣቶቹን ያጠፋሁበትን ፋይል ሰረዝኩት። እሳቸው ከቤታቸው በሳህን ሸፍነው ያመጡልኝን ሽሮ ገልጠው "ብይ እንጂ" አሉኝ። በላሁ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። አዳራሹ አጠገብ ያለው ግቢ በርበሬ ስለተሰጣበት ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ ዳኛው ራሱ መሐረቡን ከአፍንጫው አላነሳም። ወጣት ነበር፤ ሹራብ ለብሶ፣ ከዕድሜው በላይ ለመምሰል ቅንድቡን ቋጥሮ። አቶ ቢያዝን ከፊት ተቀምጧል። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ የተጎሳቆለ ኮት የለበሰ፣ እጁን የሚያደርግበት ያጣ ተራ ገበሬ ነበር።

ስሜ ተጠራ። ማልኩ። ከዚያ መታወቂያውን፣ የእትዬ ይታይሽን ብቸኛ ፎቶና የጋሽ ውበቱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

"ይህን ፎቶ የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ፊቱ ከዚህ ነው፤ እሳቸው ከዚህ ናቸው። አብረው አልተነሱም።"

"ገላውስ የማን ነው?" አለ ዳኛው።

ጋሽ ውበቱ ከኋላ ወንበር ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። "ክቡር ዳኛ፣ እጇ የኔ ናት" አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛውም ሳቁን በመሐረቡ ደበቀ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ማን አዘዘሽ? ፍርድ ቤት ለማታለል ነው የሠራሽው?" አለኝ።

"እሳቸው ለምነውኝ ነው። ያን ጊዜ ክስ አልነበረም። ለናፍቆት ነው የሠራሁት።"

"ይኸው ክቡር ፍርድ ቤት!" ብሎ ተነሳ አቶ ቢያዝን። "ፎቶው ሐሰት ከሆነ ነገሩ ሁሉ ሐሰት ነው።"

ዳኛው ፎቶውን አንስቶ አየው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ድርጊቱን ዛሬም አስታውሳለሁ። "እሺ" አለ። "ፎቶው የለም እንበል። እትዬ ይታይሽ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። አቶ አለልኝ ጣቶቹን እንዴት አጣ?"

እትዬ ይታይሽ ተነሱ። እስከዚያ ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ሲናገሩ ግን ቀና አሉ።

"የወፍጮ ቀበቶ ነው የያዘው ጌታዬ። በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ለእንቁጣጣሽ እህል ሊያስፈጭ ሄዶ። በመቀነቴ ነው ያሰርሁት፤ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ከዚያ ወዲያ እርፉን በቀኝ እጁ መጨበጥ ስላቃተው በግራው ያዘ። ጅራፉ ደግሞ ከሦስቱ ጣቱ እያመለጠ መሬት ይወድቅበት ነበር። በበሬዎቹ ፊት ያፍራል። እኔ ጅራፉ እጀታ ላይ የቆዳ ማንገቻ ሰፋሁለት፤ እጁን ወደ ውስጥ አሾልኮ እንዲይዘው። ብርድ ሲሆን ያመዋል፤ ኑግ ዘይት አሙቄ አሸዋለሁ። ሌላ ምን ልበልዎ?"

ማንም አላስነጠሰም። ዳኛው ወደ አቶ ቢያዝን ዞረ።

"ጅራፉ አሁን የት ነው ያለው?"

"እኔ ዘንድ ነው።"

"ማንገቻ አለው?"

"አለው።"

"ወንድምህ ጤና ጣቢያ ሲተኛ ጠይቀኸዋል?"

"በየቀኑ ነው የሄድሁ። ወንድሜ እኮ ነው!"

"አጠገቡ ማን ነበር?"

አቶ ቢያዝን ኮቱን አስተካከለ። ወደ እትዬ ይታይሽ አየ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ መሬት። መሬት ለማትረፍ ሲል ብዙ ነገር ተናግሯል። ያየውን ነገር በቀጥታ ሲጠየቅ ግን ምላሱ እምቢ አለው።

"እሷ ናት" አለ ድምፁ ወርዶ። "ሌትም ቀንም እሷ ነበረች። ሚስቱ ናት እንግዲህ፣ ሌላ ማን ይሆናል? እኔ የአባቴ መሬት ከቤተሰብ እንዳይወጣ ብዬ ነው።"

ጸሐፊው ጻፈ። ይህኛው ወረቀቱ ላይ ገባ።

እትዬ ይታይሽ በቤታቸው እንዲቀመጡ ተፈረደ። መሬቱን አቶ ቢያዝን እያረሰ ምርቱን እንዲያካፍላቸው በሽማግሌ ተስማሙ፤ እስከማውቀው ድረስ አንድም ዓመት አላጓደለባቸውም። እኔን ዳኛው በተግሣጽ ለቀቀኝ። "ከእንግዲህ የሠራሽውን ሠራሁት ብለሽ ጻፊበት" አለኝ።

እዚያው ከችሎቱ ደጅ ቆሜ፣ ከጋሽ ውበቱ እስክሪብቶ ተቀብዬ ፎቶው ጀርባ ላይ ጻፍኩ። እትዬ ይታይሽ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው፦ "ይህን ፎቶ የሠራችው ትርንጎ ናት። አያ አለልኝና እትዬ ይታይሽ አብረው አልተነሱም፤ አብረው ግን ኖረዋል።"

ገልበጥ እያደረጉ ፊቱንም ጀርባውንም አዩት።

"ታዲያ" አሉ፣ "በየትኛው በኩል ልስቀለው?"

ጋሽ ውበቱ እንደፈሩት ገበያችን ለጥቂት ወራት ቀዘቀዘ። መንገድ ላይ "እጁን ያበደረው ሰውዬ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን "በኮምፒውተር የተሠራ" የሚል ማኅተም አስቀርጸው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከኔ እጅ የወጣ ፎቶ ሁሉ ጀርባው ሳይመታ ከቤት አልወጣም። ለገና ሰሞን ደግሞ አቶ ቢያዝን ሚስቱን አስከትሎ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሚስቱ ቀሚሷን እያስተካከለች ታፍራለች። "በሕይወት ሳለን አንሱን" አለ። ጋሽ ውበቱ አነሷቸው። ፎቶውን ሲሰጧቸው ጀርባው ባዶ ነበር፤ ማኅተም አላስፈለገውም።

አሁን ሁለቱም የሉም፣ ጋሽ ውበቱም እትዬ ይታይሽም። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለወጣቶች ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ መነጽር ካላደረግኩ የገዛ ጽሑፌን ማንበብ ያቅተኛል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሼ የሠራሁትን ተማሪዎቼ ዛሬ በስልካቸው በሁለት ደቂቃ ይሠሩታል፤ ያውም የሚናገር፣ የሚስቅ አድርገው። ስለዚህ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

በዚያው የአንበሳው ሳምንት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ታዲያ ምን አጠፋሽ? ባልና ሚስት መሆናቸው እውነት አይደል?" አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። እኔም ለብዙ ዓመት ራሴን ስጠይቀው የኖርኩት ነው። ጥፋቴ ሴትዮዋን ማጽናናቴ እንዳልነበረ አምናለሁ። እንደገና በዚያ ዝናብ ቢመጡብኝ እሠራላቸዋለሁ። ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነው። እውነታቸው የራሱ እግር ነበረው፤ ቀስ ብሎ፣ በውርጩና በአንበጣው ዓመት በኩል ዞሮ፣ በመጨረሻም በጠላታቸው አፍ ወጥቶ ይደርስ ነበር። የኔ ፎቶ ከፊቱ ቀድሞ ቆሞ መንገድ ዘጋበት። ሰው ደግሞ ቶሎ የሚታየው ነገር ካለው፣ ቀስ ብሎ የሚነገረውን ለማዳመጥ ትዕግሥት የለውም። ያን ወጣት ዳኛ እስከዛሬ የማከብረው ለዚህ ነው፤ የሚታየውን ገልብጦ አስቀምጦ የሚነገረውን ሰማ።

ይህንኑ ለልጅቱ በአጭሩ ነገርኳት። ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየኋትና ሳቄ መጣ፤ ትንሽም ደነገጥኩ።

"ጠብቂ" አልኳት። "ይኸን ሁሉ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ያለኔ ምን ማስረጃ አለሽ?"

እስክሪብቶዋን አንስታ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"ቡሬ ሩቅ አይደለም" አልኳት። "ሂጂና ጠይቂ። በዚያ ቀን ችሎት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዛሬም አሉ።"